ውኃው የት ድረስ ነበር?
(የፎገራን ረግረግ ከአየር ፎቶግራፍ ስለ ማንበብ)

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር የሚወርድ መንገደኛ አዲስ ዘመንን አልፎ ይፋግ ሲደርስ በስተቀኙ ሜዳው ይከፈትለታል። ጊዜው ነሐሴ ከሆነ የሚያየው ውኃ ነው፤ የካቲት ከሆነ ደግሞ አቧራና ከብት። የአገሩ ሰው ለዚህ ሜዳ ሁለት ዓይነት ኑሮ አበጅቶለታል። ክረምት ሲበረታ ከብቱን ወደ ደረቁ ከፍታ ያወጣል፤ ውኃው ሲጎድል መልሶ ያወርዳል። ጣና ለቆት የሚሄደውንም መሬት «ባሕር ሸሽ» ብሎ ይጠራዋል። ስለ ፎገራ መሬት ታሪክ መጻፍ የሚፈልግ ሰው ከዚህ ቃል ቢጀምር አይሳሳትም።

እኛም ወደዚህ ጉዳይ የገባነው በመጽሐፍ ሳይሆን በሻይ ቤት ወሬ ነው። ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ይፋግ ላይ ተቀምጠን ሳለን ሁለት ሰዎች ስለ አንድ መሬት ሲከራከሩ ሰማን። ሽማግሌው ቦታው የወል ግጦሽ እንደ ነበረና በልጅነታቸው ታንኳ እስከዚያ ድረስ ይመጣ እንደ ነበር ይናገራሉ። ጎልማሳው ደግሞ አባቱም አያቱም ያረሱት መሬት ነው ባይ ነው፤ ዛሬ ሩዝ ይዘራበታል። ሁለቱም ወረቀት የላቸውም፤ ሁለቱም ይምላሉ። ጎልማሳው «አባቴ፣ ያን ጊዜ እርስዎ ሕፃን ነበሩ» ቢላቸው፣ «አንተ ደግሞ አልተወለድክም!» አሉት። ሻይ ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። የአንዱ ላም የምትግጠውና የሌላው ልጆች የሚበሉት በአንድ ማሳ ላይ ተፋጠዋልና። ለመሆኑ በእነዚህ ሰዎች መካከል ቆሞ የሚመሰክር ሦስተኛ ወገን የለም ወይ? ብለን ጠየቅን። አለ። ይሁን እንጂ ይህም ምስክር እንደ ሌላው ምስክር ሁሉ መመርመር አለበት።

በመጀመሪያ ወደ ለመድናቸው ጽሑፎች ብንሄድ ብዙ አያጠግቡንም። ይፋግ በ19ኛው መቶ ዓመት ስመ ጥር ገበያ ነበረች። ከጎንደር ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ የሚያልፈው ሲራራ ነጋዴ ያርፍባት ነበር፤ ያለፉባት የውጭ አገር ተጓዦችም ስሟን ጽፈዋል። ከአፋር በረሃ ተቆርጦ የመጣው አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ሆኖ በሚዘዋወርበት ዘመን፣ እንዲህ ያለ ገበያ የአገሩ የደም ሥር ነበር ማለት ይቻላል። ታዲያ ተጓዡ የሚጽፈው ስለ ቀረጥና ስለ ዕቃ ዋጋ ነው። ዜና መዋዕል ጸሐፊውም ንጉሡ የት እንደ ሰፈረ ይነግረናል እንጂ የንጉሡ በቅሎዎች የጋጡት ሣር እስከየት ይደርስ እንደ ነበር አይነግረንም። ረግረጉ ከታሪክ ውጭ ቀረ።

ሌላው ዓለም ይህን ጉድለት እንዴት ሞላው? ባሕር ያላቸው አገሮች በውቅያኖስ ጠረፍ ያለውን ጨዋማ ረግረግ ከአየር ፎቶግራፍ እየቀዱ ካርታ ሲሠሩ ብዙ ዘመናቸው ነው። ማዕበሉ ሲመጣ የሚሰጥመውን፣ ሲመለስ የሚገለጠውን መሬት በእግር ዞሮ መለካት አስቸጋሪ ነውና ከላይ ማየቱ ይቀላል። እኛ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የለንም። ነገር ግን የፎገራ ሰው ጣናን «ባሕር» ብሎ ነው የሚጠራው፤ ዳሩም እንደዚያው ይሰጥማል፣ ይገለጣል። ልዩነቱ የእነሱ በቀን ሁለት ጊዜ ሲሆን የእኛ በዓመት አንድ ጊዜ መሆኑ ነው። ስለዚህ ጥበቡ ለእኛም ይሠራል።

ከአውሮፕላን በፊት የጣናን ዳር የለኩት በእግር፣ በበቅሎና በታንኳ የተጓዙ ሰዎች ናቸው። ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጨረሻና በ1840ዎቹ ከተራራ ተራራ እየወጣ ማዕዘን ይለካ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት ግን በአብዛኛው ዓይናቸው ውኃው ላይ ነበር። በ1894 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1902) በተፈረመው ውል ዳግማዊ ምኒልክ ያለ እንግሊዝና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት በዓባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ የውኃውን ፍሰት የሚገታ ሥራ እንዳይሠራ ተስማሙ። ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1920 እና 1921 ግራብሃምና ብላክ የተባሉት የእንግሊዝ ባለሙያዎች ሐይቁን አጠኑ። ዳንግላ የተቀመጠው የእንግሊዝ ቆንስል ቺዝማንም የሐይቁን ዳርቻና የዓባይን ሸለቆ እየዞረ ለክቶ እ.ኤ.አ. በ1936 መጽሐፍ አወጣ። ለእነዚህ ሰዎች ጥያቄው ግብጽንና ሱዳንን የሚያጠጣ ምን ያህል ውኃ ጣና ውስጥ ሊጠራቀም ይችላል? የሚል ነበር። ፎገራ በዚህ ሒሳብ ውስጥ ሐይቁ ከፍ ቢል የሚሰጥም ጠርዝ እንጂ አገር አልነበረም።

አውሮፕላን ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። ከአየር ላይ ፎቶግራፍ ማንሣት እ.ኤ.አ. በ1858 ናዳር የተባለው ፈረንሳዊ ከፓሪስ አጠገብ በባሉን ወጥቶ የሞከረው ነው፤ ያዳበረው ግን አንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። ወደ አገራችንም በስፋት የገባው በጦርነት ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ አውሮፕላኖች በሕዝባችን ላይ ቦምብና የመርዝ ጋዝ ሲያወርዱ፣ ሌሎች አውሮፕላኖቻቸው ደግሞ ካርታ ለመሥራት የአገሩን መልክ ያነሡ ነበር። ፎቶግራፎቹ በጠንካራ ሰሌዳ ላይ አራት አራት እየሆኑ ተለጥፈዋል፤ አንዱ ቀጥ ብሎ ወደ ታች የተነሣ፣ ሦስቱ ወደ ጎን ያዘነበሉ ናቸው። 8,281 እንዲህ ያሉ ሰሌዳዎች በአዲስ አበባ በካርታ ሥራ ድርጅት ውስጥ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ተረስተው ከቆዩ በኋላ በቅርቡ ዘመን ተመራማሪዎች አግኝተው አስፍረዋቸዋል። ወራሪ ለመግዛት ያነሣው ሥዕል ዛሬ የደን፣ የገደልና የእርሻ ታሪክ ማጥኛ ሆኗል። ይህን ስንል ኢጣሊያ ውለታ ዋለችልን ማለታችን አይደለም። ሰነድ አዘጋጁ ካሰበው በላይ ሊናገር ይችላል ማለታችን ነው፤ የታሪክ ተማሪ ሥራም ይኸው ነው።

ለፎገራ ይበልጥ የሚጠቅመን ግን ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ነው። እ.ኤ.አ. በ1957፣ በእኛ በ1950 ዓ.ም. አካባቢ፣ የዓባይ ተፋሰስ ከአየር ተነሣ። በዚያም መሠረት የአሜሪካ የመሬት ልማት ቢሮ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ሆኖ ተፋሰሱን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1964 ሰፊ ሪፖርት አቀረበ። መገጭ፣ ርብና ጉማራ የመስኖ ቦታ ተብለው የተመለከቱት በዚያ ጥናት ነው፤ ከአምሳ ዓመት በኋላ በርብ ላይ ግድብ ሲሠራ ያየነው ሐሳብ ሥሩ እዚያ ነው። ተፋሰሱ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ እንደገና ተነሥቷል። ስለዚህ ደርግ ከመምጣቱ በፊት አንድ፣ ከመሬት አዋጁ በኋላ አንድ፣ ሁለት መልክ አለን ማለት ነው።

እዚህ ላይ የቁጥር አጋጣሚ አለ። ፎቶግራፉ የተነሣው በፈረንጆቹ 1957 ሲሆን፣ በእኛ 1957 ዓ.ም. ደግሞ የዚያ ዘመን ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ። መፈክሩ ጭሰኛው ከገባር ቀንበር እንዲላቀቅ ነበርና ትክክል ነበር። ነገር ግን የፎገራን ፎቶግራፍ እያየን ስንጠይቀው፣ ላልታረሰው መሬትስ? ያሰኘናል። አራሽ የሌለው፣ ግን እረኛ፣ ዓሣ አጥማጅና ደንገል አጫጅ ያለው መሬት የማን ነው? የየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ መሬትን የሕዝብ ሲያደርግ የማረስ መብትን በግልጽ ቆጠረ፤ ውኃው ሲመለስ ብቻ የሚገኘውን ግጦሽ ግን በገመድ መለካት አይመችም። ላለመቆጠሩ አንዱ ምክንያት ይኸው ይመስለናል።

አሁን ፎቶግራፉ እንዴት እንደሚነበብ እንናገር። አንዱ ቅጠል በጎንና በጎኑ 23 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ስኬሉ 1፡50,000 በመሆኑ 1 ሴንቲ ሜትር በመሬት ላይ 500 ሜትር ነው፤ አንድ ቅጠል እንግዲህ በእያንዳንዱ ጎን ከ11 ኪሎ ሜትር በላይ አገር ይይዛል። አውሮፕላኑ እየሄደ ሲያነሣ እያንዳንዱ ቅጠል ከቀጣዩ ጋር ወደ 60 በመቶ ያህል ይደራረባል። ሁለቱን ተከታታይ ቅጠሎች ስቴሪዮስኮፕ በሚባለው ባለ ሁለት መስተዋት መመልከቻ ሥር አስቀምጦ ያየ ሰው መሬቱ ከወረቀቱ ብድግ ሲል ያያል። እኛም የጂኦግራፊ ጓደኛችን አስተምሮን ስናይ አንዳችን «እንዴ! ኮረብታው ተነሣ!» ብሎ ጮኸ። በፎገራ ግን የሚነሣ ነገር ጥቂት ነው። ሜዳው ሜዳ ነውና ማንበብ ያለብን ከጥቁረቱና ከንጣቱ ነው።

ጥልቅ ውኃ ይጠቁራል፤ ፀሐይ ካንጸባረቀችበት ደግሞ እንደ ብር ይነጣል፤ ጀማሪ እዚህ ላይ ይሳሳታል። ደንገልና ፊላ በሐይቁ ዳር ጠቆር ያለ፣ እንደ በግ ፀጉር የተቋጠረ መልክ አላቸው። እርጥብ ሣር ግራጫ ነው፣ ድንበሩም አይለይም። የደረቀ ሣር ይነጣል። እርሻ ደግሞ በመስመሩ ይታወቃል፤ ሰው ያረሰው ነገር ሁሉ ጠርዝ አለው። የድሮ የወንዝ መንገዶችም እንደ እባብ እየተጠማዘዙ በሜዳው ላይ ይታያሉ፤ ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ አፈር ተሸክመው እየመጡ አልጋቸውን ሲሞሉ መንገድ ይለውጣሉ። ይህን ሁሉ በላዩ በተዘረጋ ስስ ወረቀት በእርሳስ ይቀዱታል፤ ከዚያ በሚሊ ሜትር ወረቀት እየቆጠሩ ስፋቱን ያወጣሉ። በዚህ ስኬል አንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር 25 ሄክታር ነው። በመጨረሻ ግን ወረቀቱን ይዞ መሬቱ ላይ መሄድ ግድ ነው። ሳይሄዱ የሚሠሩት ካርታ ግምት ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ልንዘነጋው የማይገባ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ወሩ ነው። የአየር ፎቶግራፍ የሚነሣው ሰማዩ ሲጠራ፣ በበጋ ነው። በክረምት ደመናው አያስነሣም። እንግዲያውስ ፎገራ ፎቶግራፍ የተነሣችው ሁልጊዜ በደረቅ ልብሷ ነው። የነሐሴው ፎገራ፣ አምባዛ ዓሣ ከሐይቁ ወጥቶ በሣሩ መካከል እንቁላሉን የሚጥልበት ፎገራ፣ ካሜራ ፊት ቆሞ አያውቅም። ስለዚህ በፎቶግራፉ ላይ ሜዳ የሆነውን ሁሉ «ደረቅ መሬት ነበር» ብሎ የሚጽፍ ሰው ዋሽቷል ባንልም ግማሹን ነው የተናገረው። ወር ያልተጻፈበት የፎገራ ካርታ ለክርክር አይበቃም።

እንዲህም ሆኖ፣ በጥንቃቄ ያነበቡት ተመራማሪዎች ብዙ አውጥተውበታል። የ1957ቱን (እ.ኤ.አ.) ፎቶግራፍ ከኋለኞቹ ጋር አስተያይተው የጉማራ ወንዝ በሐይቁ አፍ ላይ አዲስ መሬት እየሠራ እንደ ሄደ አሳይተዋል፤ እስከ 1980 ድረስ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከ1984 እስከ 2006 ደግሞ ሌላ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል። የወንዙም አልጋ በታችኛው ክፍል እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 2009 ሦስት ሜትር ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ በደለል ከፍ ብሏል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፉ ፎገራንና ሊቦ ከምከምን ሲያጥለቀልቅና በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ሲያፈናቅል ብዙዎች የሰማይ ቁጣ አሉት። አልጋው የሞላ ወንዝ ግን ከዳሩ ሞልቶ መፍሰሱ አይቀርም። የተራራው አፈር መሸርሸርና የሜዳው መጥለቅለቅ አንድ ታሪክ ናቸው።

ሸሸርና ወላላ የሚባሉት ረግረጎች ነገር ከዚህ የባሰ ነው። በርብና በጉማራ መካከል ያሉ፣ ከሩቅ አገር የሚመጡ ወፎች የሚከርሙባቸው ቦታዎች ናቸው። በሳተላይት ምስል እንደ ተጠናው፣ ሸሸር እ.ኤ.አ. በ1987 ከ1,500 ሄክታር በላይ ነበር፤ በ2008 ከ140 ሄክታር በታች ሆነ። ይህን ቁጥር በእኛ ፎቶግራፍ ስኬል እናስበው፤ በወረቀቱ ላይ መዳፍ ያህል የነበረው የፖስታ ቴምብር ያህል ቀረ ማለት ነው። ወላላም ወደ ግማሽ ተጠግቷል። ምክንያቱ አንድ አይደለም። በደርግ ዘመን በጅግናና በሻጋ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እርዳታ የተሞከረው ሩዝ፣ ማኅበራቱ ከፈረሱ በኋላ በገበሬው እጅ ተስፋፋ፤ «ኤክስ ጅግና» የሚባለው ዘር ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው። ድሮ ጓያና ሽምብራ በቀሪው እርጥበት ከሚዘራበት መሬት አልፎ እርሻው ወደ ረግረጉ ገባ፤ የውኃ መሳቢያ ሞተርም ተከተለው። በ1988 ዓ.ም. ደግሞ በባሕር ዳር በኩል ጫራ ጫራ የተባለው የውኃ መቆጣጠሪያ ተሠርቶ የሐይቁ መውጣትና መውረድ በሰው እጅ ገባ። በ1995 ዓ.ም. ሐይቁ ክፉኛ ሲጎድል የተገለጠው መሬት ወዲያው ታረሰ። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እምቦጭ መጣ።

ታዲያ ሩዙ ጥፋት ነው ልንል ነው? አይደለም። ሩዝ ለብዙ የፎገራ ቤተሰብ ቆርቆሮ ቤትና የልጅ ደብተር ሆኗል፤ ጠግቦ የሚያድር ተማሪ የገበሬን ማሳ ቢኮንን ነውር ነው። የምንለው ሌላ ነው። ከላይ የሚያይ ዓይን በቀላሉ ይታለላል። በነሐሴ ውኃ የተኛበት የሩዝ ማሳ ከሳተላይት ሲታይ ረግረግ ይመስላል። እምቦጭም ከሩቅ ሲያዩት እንደ ደንገል ይለመልማል። ሁለቱን ረግረግ ብሎ የቆጠረ ሰው፣ ረግረጉ እየሰፋ ነው ብሎ ሊጽፍ ይችላል፤ ያም ጽሑፍ መሥሪያ ቤት ገብቶ ውሳኔ ይሆናል።

«ረግረግ» የሚለው ቃል ራሱ ችግር አለበት። በካርታ ላይ ሲጻፍ ባዶ፣ የማይጠቅም፣ መድረቅ ያለበት ይመስላል። በመሬቱ ላይ ግን ባዶ ሆኖ አያውቅም። በወተቷ የታወቀችው የፎገራ ላም ያደገችው በዚያ ሣር ነው። የወይጦ ማኅበረሰብ ታንኳውን የሚሠራበትን ደንገል ያጨደው ከዚያ ነው። ዓሣውም የሚራባው እዚያው ነው። ስም ሲሰጠው ባለቤቱን ያጣ መሬት ስንት ይሆን?

ወደ ይፋጉ ክርክር እንመለስ። የ1957ቱን (እ.ኤ.አ.) ፎቶግራፍ ቅጂ ከጓደኛችን ተውሰን ሄድን። ሽማግሌው መጀመሪያ ምንም አልታያቸውም። «ይህ ምንድን ነው፣ ቆዳ ነው?» አሉ። ወረቀቱን አዙረን ጣናን በምዕራብ በኩል፣ በተቀመጡበት አቅጣጫ ስናደርግላቸው ግን ጣታቸው ሳይመራ ሄደ፤ ርብን፣ ቤተ ክርስቲያኑን በዛፎቹ ጥቁረት፣ የከብቱን መውረጃ መንገድ እያሉ ቆጠሩልን። ያን ጥቁር ቦታም አሳዩን። ጎልማሳውም ጎንበስ ብሎ ያይ ነበርና ከጥቁሩ ጠርዝ ላይ ቀጫጭን መስመሮችን አገኘ። እርሻ ነበር። ትንሽ፣ ግን እርሻ። እንግዲህ ሁለቱም አልዋሹም፤ ግጦሹም ነበር፣ እርሻውም ከዳር ጀምሮ ነበር። ታንኳው እዚያ ድረስ ይመጣ እንደ ሆነ ግን ፎቶግራፉ አልነገረንም፤ የበጋ ነውና። ያንን የሚያውቁት ሽማግሌው ብቻ ናቸው። እኛም በስሱ ወረቀት ላይ የእሳቸውን የክረምት መስመር በነጥብ፣ የፎቶግራፉን የበጋ መስመር በቀጥታ አሰመርን። ከሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው መሬት ነው ክርክሩ የተነሣበት፣ ዛሬም ያልተፈታው።

ፎቶግራፉ ክርክሩን አልፈታውም። ግን ከመሐላ ወደ ማስረጃ አወረደው፤ ሁለቱ ሰዎች ያን ቀን በአንድ ወረቀት ላይ አጎንብሰው ነበር። ከዚህ የምንማረው ግልጽ ይመስለናል። የክረምቱን መስመር የሚያውቁት ሰዎች እያረጁ ነው፤ ፎቶግራፉ መቶ ዓመት ሊቆይ ይችላል፣ እነሱ ግን አይቆዩም። ስለዚህ ጓደኞቻችን ሆይ፣ ለዕረፍት ወደየአገራችሁ ስትሄዱ፣ ሐይቅ ይሁን ወንዝ ወይም ጨፌ፣ የአገራችሁን የድሮ የአየር ፎቶግራፍ ፈልጋችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀመጡ፣ ወረቀቱን ወደ እነሱ አዙሩላቸው፣ «ውኃው የት ድረስ ነበር?» ብላችሁም ጠይቁ። የነገሯችሁንም በነጥብ አስምሩ፤ ወሩን መጻፍ ግን አትርሱ።